ቤት ለቤት የመኪና ጽዳት ሥራ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይጀመራል?

አዲስ አበባ ላይ መኪናውን ማሳጠብ የፈለገ ሰው ቅዳሜ ወይ እሁድ ጠዋት ላቫጆ ሄዶ ተራ ይጠብቃል። ግማሽ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ሲወጣ መኪናው ከውጭ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ምንጣፉ ተራግፎ ዳሽቦርዱ በእርጥብ ጨርቅ ከመታሸት አያልፍም። ወንበር መሃል የገባው የዳቦ ፍርፋሪ፣ ሕፃን ያፈሰሰው ወተት፣ በሩ ኪስ ውስጥ የደረቀው ማስቲካ ሁሉም እንዳለ ነው። የእናንተ ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ይህን ሥራ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የላቫጆ ማሽን፣ ሮቶና ፒክአፕ ነው። ላቫጆውን ጭኖ ሰው ደጅ መሄድ ማለት ነው። እኔ ይህን አካሄድ አልመክርም፣ ገና ሳትጀምሩ ገንዘባችሁን ይጨርሰዋል። ላቫጆ የራሱ ውሃ አለው፣ የፍሳሽ ጉድጓድ አለው፣ ጭቃው የሚወርድበት ቦታ አለው። እናንተ ኮንዶሚኒየም ግቢ ወይም ቢሮ ፓርኪንግ ውስጥ ስትቆሙ ከዚህ አንዱም የላችሁም። ስለዚህ በውስጥ ጽዳት ጀምሩ፣ የውጭውን ደግሞ በትንሽ ውሃ መሥራትን ልመዱ።

1. የምትሸጡትን አገልግሎት አሳንሱ

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሦስት ነገር ይበቃል። ሙሉ የውስጥ ጽዳት፣ ይህ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። ፈጣን ጽዳት፣ ማለትም ውስጡን በቫኪዩም መሳብና መወልወል፣ ውጩን በትንሽ ውሃ ማጠብ። ሦስተኛው የደበዘዘ የፊት መብራት ማጥራት ነው።

ሞተር ማጠብ፣ ግራሶና በማሽን ፖሊሽ ማድረግ ይቆዩ። በተለይ ፖሊሹ። የፋብሪካ ቀለም ላይ ከላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከሰው ፀጉር ይሳሳል። እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ባቲላመራ ቤት (የመኪና አካል መጠገኛ) ገብቶ ስቱኮ ተለቅልቆ የተቀባ መኪና ብዙ ነው። ከላይ አዲስ የሚመስለው ኮፈን ቀለሙ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው በዓይን አይታወቅም። ማሽኑን ጠርዝ ላይ ትንሽ ካቆያችሁት ቀለሙ ይነሳል፣ ዕዳው የእናንተ ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ገዝታችሁ፣ አሮጌ በር ወይም ፓራውልት (የመኪና የፊት ወይም የኋላ መከላከያ) ላይ በደንብ ተለማምዳችሁ ከዚያ በኋላ ግቡበት።

2. ዕቃ

ትልቁን ገንዘብ ቫኪዩም ላይ አውጡ። ደረቅም እርጥብም የሚስብ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ወንበር ካጠባችሁ በኋላ ውሃውን መልሶ የሚያወጣው እሱ ነው። ጉልበቱ ከ1,200 ዋት በላይ ቢሆን ይመረጣል። ቀጭን አፍ ያለው ጫፍ ከሌለው አትግዙት፣ የወንበር ሀዲድ ውስጥ ያለውን አቧራ ሌላ ነገር አያወጣውም። ከ20 እስከ 30 ሜትር የሚሆን ወፈር ያለ ኤክስቴንሽን ያስፈልጋል፣ ስትጠቀሙበት ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ተጠቅልሎ እያለ ትልቅ ኃይል ካለፈበት ይግላል፣ ፕላስቲኩ እስከመቅለጥ ይደርሳል።

ቀጥሎ ማይክሮፋይበር ጨርቅ። ቢያንስ 20 ይሁን፣ በቀለም ለዩት፦ ለምሳሌ ሰማያዊ ለመስታወት፣ ቢጫ ለውስጥ፣ አረንጓዴ ለቀለም፣ ያረጀው ለቸርኬ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ያን ቀን ተመልሶ ቀለም አይነካም። አንድ ጠጠር ከያዘ ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር ይጭረዋል። ስታጥቡት ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ውሃ መምጠጡን ያቆማል።

ሌላው ቀላል ነው። ሁለት ባልዲ፣ ለስላሳና ጠንከር ያለ ብሩሽ፣ የአየር ማውጫ የሚያጸዳ ትንሽ የቀለም ብሩሽ፣ መርጫ ጠርሙሶች፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ጀሪካን። በእጅ እየተነፋ የሚረጭ የፀረ ተባይ መርጫ ደግሞ በጣም ይጠቅማል። አዲስ ግዙ እንጂ መድኃኒት የነካውን አትጠቀሙ።

ሳሙናው ላይ አትቆጥቡ። የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ የመኪናውን ሰም ያነሳሉ፣ ዱቄቱ በደንብ ካልሟሟ ደግሞ ይጭራል። ለውጭ የመኪና ሻምፖ፣ ለውስጥ ሁሉን አቀፍ ማጽጃ ያዙ። ማጽጃውን ለውስጥ ስትጠቀሙ 1 እጅ በ10 እጅ ውሃ አቅጥኑ፣ ጠርሙሱ ሌላ ካላለ በቀር። በረኪና ከቦርሳችሁ ይውጣ።

3. የውሃው ሒሳብ

ትንሽ የላቫጆ ማሽን በደቂቃ 6 ሊትር አካባቢ ያወጣል። አሥር ደቂቃ ከተረጨ 60 ሊትር ነው፣ ሦስት ትልልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የደንበኛን ሮቶ ለዚህ መጠየቅ ያሳፍራል። ፍሳሹ ደግሞ ወደ ግቢው ወይም ወደ መንገድ ይሄዳል፣ ደንብ አስከባሪ ካየው ቅጣት አለው፣ የግቢው ኮሚቴ ካየው ሁለተኛ አትገቡም።

መፍትሔው ሪንስለስ የሚባለው ሳይለቀለቅ የሚሠራ ሻምፖ ነው። ቆሻሻውን ከቦ ያንሸራትተዋል፣ መልሶ ማለቅለቅ አይፈልግም። አንድ መኪና ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃዋል፣ አብዛኛው ውሃም ባልዲው ውስጥ ስለሚቀር ይዛችሁት ትወጣላችሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

መኪናውን ጥላ ላይ አቁሙ። ኮፈኑን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፣ ከሞቀ ጠብቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ኃይለኛ ስለሆነች ሳሙናው ሳይነሳ ይደርቃል። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ነው።

ስድስት ሰባት ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ንከሩ። የመጀመሪያውን ክፍል በመርጫው አርጥቡና አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ጨርቁን አራት እጥፍ አድርጉ፣ ስምንት ፊት ያገኛል። በአንድ ፊት ቀጥ አድርጋችሁ አንዴ ብቻ ሳቡ፣ ገልብጡ፣ በሌላው ፊት ቀጥሉ። አትጫኑ፣ ክብ እየሠራችሁም አትፈትጉ። የቆሸሸ ጨርቅ ወደ ባልዲው አይመለስም። ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ የበሮቹ ታችኛው ክፍልና ፓራውልት መጨረሻ ላይ፣ ቸርኬ በራሱ ጨርቅ። እያንዳንዱን ክፍል ወዲያው አድርቁ። በተለይ ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች በራሱ የደረቀ ጠብታ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ጭቃ የተጠፈጠፈበት መኪና ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። ሐምሌ ላይ ከኮብልስቶን ወጥቶ ጭቃ ውስጥ የዋለ መኪና በጨርቅ ከተነካ ይጫራል። ለደንበኛው እውነቱን ንገሩት፦ «ጋሼ፣ ይሄ መጀመሪያ ላቫጆ ጭቃው ይውረድለት፣ እኔ ውስጡን ልሥራልዎት።» ሥራ ያጣችሁ ይመስላል እንጂ በዚህች ቃል ደንበኛው በእናንተ መተማመን ይጀምራል።

4. የውስጥ ጽዳት ቅደም ተከተል

ገንዘቡ ያለው እዚህ ስለሆነ ተራውን አታፋልሱ።

መጀመሪያ ዕቃውን አውጡ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየ። ሳንቲም፣ ሊብሬ፣ መነጽር፣ የልጅ መጫወቻ ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ገብቶ በእጁ ይሰጠው። ሳንቲም ወንበር ሥር ካገኛችሁ አምስት ብርም ብትሆን መልሱ። ሰው ቁልፉን ትቶላችሁ ቢሮው የሚገባው በዚህ ነው።

ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጭረቱን፣ የተቃጠለ ወንበሩን፣ የዳሽቦርድ መብራቶቹን። ከመጀመራችሁ በፊት ለደንበኛው ላኩለት፦ «እነዚህ ቀድሞ የነበሩ ናቸው፣ እንዲያውቁት ብዬ ነው።» ይህን ያላደረገ ሰው አንድ ቀን ያላደረሰውን ጉዳት ይከፍላል።

አሁን በደረቁ ሥሩ። ምንጣፎቹን አውጥታችሁ አራግፉ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ቀጥሎ ወደኋላ እየገፋችሁ ሳቡ። በአንድ እጅ ብሩሽ፣ በሌላው ቫኪዩም። ከላይ ወደ ታች። አቧራው ሳይወጣ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆናል፣ ያኔ ሥራው እጥፍ ነው።

ፕላስቲኩ ቀጥሎ ይመጣል። ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እርጩ እንጂ ዳሽቦርዱ ላይ በቀጥታ አትርጩ፣ ፈሳሹ ወደ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ይገባል። የሚያብረቀርቅ ቅባት የሚወድ ደንበኛ አለ። ዳሽቦርድ ላይ ከበዛ ፀሐይ ሲያርፍበት ፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፣ ሾፌሩን ያስቸግራል። መሪና ፔዳል ላይ ደግሞ ቢለምኗችሁም አትቀቡ። እጅና እግር ያንሸራትታል።

የጨርቅ ወንበር ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ማጽጃውን በማይታይ ቦታ ሞክሩ፣ ቀለም ካልለቀቀ ቀጥሉ። ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ በአረፋው ብቻ ቦርሹ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሱ፣ በቫኪዩም ሳቡ። ውሃ አታፍስሱ። ስፖንጁ ውኃ ከጠጣ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ሦስተኛው ቀን ይሸታል፣ ደንበኛው ይደውላል። ከወንበር ሥር ቢጫ መሰኪያ ያላቸው ገመዶች ካያችሁ የኤርባግ ናቸው፣ አትንቀሉ፣ አታርጥቡ።

እድፍ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ወተትና ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ሙቅ ውሃ እዚያው ያጋግረዋል። የወተት ሽታ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ካልሆነ አይለቅም፣ ሽቶ ብትነፉበት ይባስ ይከረፋል። ወጥ የፈሰሰበት ምንጣፍ ዘይትም በርበሬም ስላለው መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይመጠጥ፣ ቀጥሎ በጠብታ የዕቃ ሳሙና ዘይቱ ይለቅ፣ ከዚያ ማጽጃው። ማስቲካ ላይ በፌስታል በረዶ አስቀምጡበት፣ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ቀለሙ የማይለቅ እድፍ ሲያጋጥም ቀድማችሁ ተናገሩ፣ «ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል» በሉ።

ከላይ ያለውን የጣሪያ ጨርቅ በጣም ተጠንቀቁለት። በሙጫ ነው የተያያዘው። ካረጠባችሁት ወይም በብሩሽ ከፈተጋችሁት ተላቆ ይንጠለጠላል፣ እሱን ማስጠገን ከሙሉ ቀን ሥራችሁ ይበልጣል። በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ዳበስ ዳበስ አድርጉት።

የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ በመያዣ ያዙት፣ በለስላሳ ሳሙና ጥረጉ፣ ሳይደርቅ አትልቀቁት። ቅድም በረኪና ይውጣ ያልኩት ለዚህም ነው፣ ክሩን ያደክመዋል፣ ቀበቶው ደግሞ ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው።

መስታወት መጨረሻ። የተለጠፈ ጥቁር ፊልም ካለው አሞኒያ ያለበት መስታወት ማጽጃ አይነካውም፣ ፊልሙን ያበላሻል።

ሁሉም አልቆ ሽታው ካልጠፋ የአየር ማጣሪያውን እዩ። በብዙ ቶዮታዎች ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው ሳጥን ጀርባ ነው፣ ያለ መሣሪያ ይወጣል። ጥቁር ሆኖ ካገኛችሁት ፎቶ አንሥታችሁ ለባለቤቱ አሳዩት። አዲሱን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ገዝታችሁ መቀየር የምትችሉት ተጨማሪ አገልግሎት ነው።

5. የኤሌክትሪክ መኪኖች

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ባለቤቶቹ ለመኪናቸው ይሳሳሉ፣ ብዙዎቹም ነጣ ያለ ወንበርና ትልቅ ስክሪን አላቸው። ቻርጅ ላይ እያለ አትጠቡ። የቻርጅ መሰኪያው በር መዘጋቱን አረጋግጡ። ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ኮፈን ከፍታችሁ ውሃ አትርጩ። ስክሪኑን በደረቅ ወይም በጥቂቱ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ።

6. የፊት መብራት

ለአሮጌ ኮሮላና ቪትዝ ባለቤት ልዩነቱ ወዲያው የሚታይ ሥራ ነው። መብራቱ ፕላስቲክ ነው፣ ከፋብሪካ የመጣው መከላከያ በፀሐይ ሲያልቅ ይቢጫል። ዙሪያውን ቀለሙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። በውሃ እያራሳችሁ በ1,000፣ በ2,000፣ በ3,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በተራ አሽሹ፣ ከዚያ ፖሊሽ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። የፀሐይ መከላከያ ሽፋን ካልተቀባ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ይቢጫል። በጥርስ ሳሙና የሚሠራውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፣ ለጥቂት ጊዜ ነው። ሽፋኑን በዋጋው ውስጥ አስገቡት እንጂ አማራጭ አታድርጉት።

7. ዋጋ

የላቫጆን ዋጋ አይታችሁ አትነሱ፣ የምትሰጡት አገልግሎት ሌላ ነው። ከጊዜያችሁ ተነሱ። ሙሉ የውስጥ ጽዳት 3 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ መንገዱ ሌላ 1 ሰዓት ነው። በቀን ከሁለት በላይ አይሠራም፣ ደንበኛ የሚሰርዝበት ቀን ደግሞ አለ። ስለዚህ በወር 30 ሥራ ብላችሁ አስቡ። ለማሳያ ያህል፣ ለራሳችሁ 45,000 ብር ፈልጋችሁ ሳሙና፣ ትራንስፖርት፣ የዕቃ መተኪያና ግብር 15,000 ከሆነ፣ 60,000 ለ30 ሲካፈል አንዱ ሥራ 2,000 ብር ነው። የእናንተን ቁጥር በዚህ መንገድ አውጡ። ወጥቶ ሰፈራችሁ የማይከፍለው ዋጋ ከሆነ ሰዓቱን አሳጥሩ ወይም ሰፈር ቀይሩ፣ ዋጋውን በስሜት አትቀንሱ።

ዋጋውን ፎቶ አይታችሁ ተናገሩ። ውሻ የሚጭን መኪናና አንድ ሰው ብቻ የሚነዳው መኪና እኩል አይደሉም። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ የገባው የወጣው በራሱ ይመዘገብላችኋል።

8. ደንበኛ

ከተማውን አታካልሉ። ከሰሚት ጀሞ፣ ከጀሞ አያት ስትሉ ቀኑ ታክሲ ላይ ያልቃል። አንድ ኮንዶሚኒየም ምረጡ። መጀመሪያ የግቢውን ኮሚቴ አናግሩ፣ ውሃ እንደማታፈሱ አሳዩአቸው። ጥበቃዎቹን በአክብሮት ያዙ፣ የማን መኪና ስንት ቀን እንደቆመ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የአንድ የታወቀ ነዋሪ መኪና በደንብ ሥሩ፣ በር ሁሉ ተከፍቶ ሰው እያየ። ከዚያ የግቢው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶው ይወጣል። ታርጋውን ሸፍኑ፣ ባለቤቱንም አስፈቅዱ።

ሰኞና ማክሰኞ ቀዝቃዛ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ለራይድና ለፈረስ (በስልክ ለሚጠሩ ታክሲዎች) ሾፌሮች ቅናሽ አድርጉ፣ ውስጡ የሚሸት መኪና ገበያቸውን ስለሚነካ ቶሎ ቶሎ ይመጣሉ። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ነው፣ የሙሽራ መኪና ከሰርጉ በፊትም በኋላም ሥራ አለው፣ የአበባው ፕላስተር ሙጫ ቀለሙ ላይ ይቀራልና። ከሰኔ እስከ መስከረም የውጭ እጥበት ይቀንሳል፣ የእርጥበት ሽታ ግን ይበዛል። ያኔ ማስታወቂያችሁን ወደ ሽታና ሻጋታ አዙሩት፣ ወንበር የምታጥቡት ግን ሲያባራ ወይም ጣሪያ ያለው ፓርኪንግ ሲገኝ ነው።

9. ወረቀት

ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጡ። የድርጅት መኪኖችን ማጠብ ከፈለጋችሁ ደረሰኝ ግዴታ ነው፣ ቋሚ ገቢ የሚሆነው ደግሞ እሱ ነው። ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይታደሳል፣ ካለፈ ቅጣት አለው። ረዳት የምትቀጥሩት ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀጠሮ ሲሞላና ጊዜ አጥታችሁ ደንበኛ መመለስ ስትጀምሩ ነው። ሲመጣ ለመጀመሪያው ወር ቫኪዩምና ምንጣፍ ብቻ ይሥራ፣ ጣሪያውንና ቀለሙን እናንተ ያዙ።